የእትዬ ከይሪያ አራት ማጽጃዎች

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለው የእትዬ ከይሪያ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ኮምፒውተር እስኪነሳ ድረስ ፒያሳ በባጃጅ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ደንበኞቻቸው ይህን ስለሚያውቁ ወረቀታቸውን ሰጥተው ገበያ ይወጣሉ።

ፊርደውስ ግን አታውቅም ነበር። ኮምፒውተር አጥንታ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ባለሙያ እየፈለገ ነው፤ ማመልከቻ የሚቀበልበት ድረ ገጽ ደግሞ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ማስረጃዋን ስካን ለማድረግ የገባችባቸው ሁለት ቤቶች ሰልፍ ነበራቸው። እዚህ ሰው የለም። ለምን እንደሌለ የገባት ከተቀመጠች በኋላ ነው።

አምስት ከሩብ። ስክሪኑ ላይ የአራት ማጽጃ ፕሮግራሞች መስኮቶች ተከታትለው ብቅ አሉ። አንደኛው «በኮምፒውተርዎ መዝገብ፣ በሬጅስትሪው ውስጥ ሺህ አራት መቶ ስሕተት አግኝቻለሁ» አለ። ሁለተኛው ሁለት ሺህ አገኘ። ሦስተኛው ሁለተኛውን ቫይረስ ነው ብሎ ከሰሰ። አራተኛው፣ ሦስቱ እስኪስማሙ ይመስላል፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

«እነዚህን ማን ጫናቸው?»

«የላዩ የሀይደር ነው፣ የእህቴ ልጅ። ቀጥሎ ያለው የወንድሜ የተውፊቅ። ሦስተኛው የዳምጤ፣ የዚህ የጎረቤቴ የባለ ፎቶ ቤቱ። ሁሉም መዝገቡን ያጸዳል ብለው ነው።»

«እርስ በርስ ተናንቀዋል እትዬ። ላጥፋቸው?»

«ወላሂ አታደርጊውም። ልጁ ከኩታበር ድረስ መጥቶ የጫነውን አጥፍቼ በምን ዓይኔ ላየው?»

«እንግዲያው ይደውሉና አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይበሏቸው።»

ደወሉ። ሀይደር ሳቀ። «አክስቴ፣ እኔ እኮ የአጎቴ ፕሮግራም ማሽኑን ሲያደክመው አይቼ ነው። የሱን ማጥፋት አፈርኩና ከላዩ ደረብኩበት።»

ተውፊቅም ሲደወልለት የዳምጤን ማጥፋት አፍሮ እንደነበር ተናገረ። ለዳምጤ ስልክ አላስፈለገም፤ በራፉ ላይ ቆሞ እየሰማ ነው።

«እኔማ የታችኛውን፣ አራተኛውን ፈርቼ ነው» አለ። «የእርስዎ የራስዎ ነው። እንዴት ልንካው?»

እትዬ ከይሪያ ትዝ አላቸው። የዛሬ ስድስት ዓመት «ኮምፒውተርዎ ተዳክሟል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ማስታወቂያ ስክሪኑ ላይ መጥቶ ነበር። «እርስዎ» እያለ አክብሮ ሲጠራቸው እምቢ ማለት ከብዷቸው ጫኑት።

«ተነሽ ልጄ» አሉ። «የኔን በራሴ እጅ።»

«መጀመሪያ የሬጅስትሪውን ቅጂ እናስቀምጥ። ብንሳሳት መመለሻ ይሆነናል።»

አስቀመጡ። ከዚያ አራቱን ማጽጃዎች አንድ በአንድ አወጡ። ፊርደውስ ሬጅስትሪውን ከፍታ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር እነሱን የሚቀሰቅሱትን ትርፍራፊ መስመሮች እያሳየች፣ እትዬ እየሰረዙ፣ ዳምጤ «ይቺም የኔ ናት፣ አትማሯት» እያለ ጨረሱ።

አጥፍተው አበሩት። እትዬ እንደ ልማዳቸው እስኪነሳ ድረስ ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ከወንበራቸው ገና ብድግ ሲሉ ስክሪኑ ለሥራ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ተመልሰው ተቀመጡና በጥርጣሬ አዩት።

«ምን ነካው?»

«ምንም እትዬ። ሰላም አገኘ።»

ማስረጃዋን ስካን አድርገው ላኩ። ለስድስት አሥር ጉዳይ ሲሆን «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል መልእክት ወጣ። ፊርደውስ ሦስት ጊዜ አነበበችው። እትዬ ሳይጠየቁ አተሙላትና ወረቀቱን ገና ትኩስ እያለ አስያዟት። ዳምጤ ገበያ የወጡትን ደንበኞች ሊጠራ ሮጠ።

ስልኩ ጮኸ። ሀይደር ነው።

«አክስቴ፣ ቅዳሜ አዲስ ማጽጃ ይዤ ልምጣ?»

«ና ልጄ፣ ምሳ ትበላለህ» አሉ። «ፍላሽህን ግን እናትህ ጋ አስቀምጠህ ና።»