ከጎማው ሥር ያለው መቀነት

ሰው ግቢ ገብቶ እሙን ዓይን ዓይኗን እያየ «ሰው የለም?» ሲል፣ እሙ መመለስ ካቆመች ሦስት ዓመቷ ነው። ምን ብላ ትመልስ? ቆማለች። ባትቆም ተቀምጣለች። ሰባ አንድ ዓመት የኖረ ሰውነት ከበር ሆኖ የማይታይ አይደለም። ብስክሌት እየገፋ የሚመጣው ሁሉ ግን የሚፈልገው ጠጋኙን ባሏን፣ ጋሽ ደሜን ነው። ጋሽ ደሜ ደግሞ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። «ውይ! አልሰማሁም እኮ፣ ነፍስ ይማር» ይሉና ብስክሌታቸውን አዙረው ወደ አየር ጤና ይወርዳሉ። አንድ እንኳ ዞር ብሎ «እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» ያላት የለም።

ያን ማክሰኞ ጠዋትም ሚሊዮን የቆርቆሮ በሩን ገፋ አድርጎ ገባና፣ «ሰው የለም?» አለ።

«በግ ነው ያለው» ብላ እሙ ከሦስት ዓመት በኋላ መለሰች።

«እማማ እሙ! ደህና አደሩ? ያ ሳልዎስ ተሻለዎት?»

«ከባሌ ጋር ተቀበረ።»

ሚሊዮን ሳቀ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ከዚህ ቤት ሌላ ጎማ አስነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። አሁን የሰፈሩ የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር ሰብሳቢ ሆኗል። ማኅበሩ አየር ጤና አጠገብ አንድ ክፍል አግኝቶ መጠገኛ ሊከፍትበት ነው፤ የመጣውም የጋሽ ደሜን መሣሪያ ሊወስድ ነው። «ውሰዱ» ያለችው የእሙ ልጅ ሜቲ ናት። ቤቱ ይፈርሳል። ኀሙስ ዕቃ ይጫናል። የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ግራሶ የነካው ነገር አይገባበትም። ሜቲ ይህን ሁሉ ለእናቷ የነገረቻት ስልኳን እየጎረጎረች ነበር፤ አሁንም በሩ ላይ ቆማ ትጎረጉራለች።

እሙ ለሦስት ቀን አንድ ነገር ብቻ ስታመነዥክ ቆይታለች። መሣሪያው ከሄደ እሷም አብራ ትሄዳለች። በዚያ ክፍል አንድ በርጩማ፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም። አለዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ነጭ ግድግዳ ስታይ ነፍሷ እስክትወጣ መጠበቅ ነው።

«ለመሆኑ እዚያ ክፍል ማን ሊሠራ ነው?» አለችው።

«እየፈለግን ነው፣ እማማ እሙ። ጎሚስታ ሞልቷል። የጋሽ ደሜን እጅ ግን ከየት እናመጣለን?»

«እኔ አለሁ።»

ሚሊዮን እንደ መልካም ቀልድ ተቀበላት። «እርስዎማ ጨዋታዎን መቼም አይተዉም!»

ጨዋታ አልነበረም። ደሜ ከመሞቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረው። ዳዶው ከጣቱ ሾልኮ አፈር ይገባል፣ ካቻቢቴው ብሎኑን ስቶ መዳፉን ይወጋዋል። ካቻቢቴውን የተቀበለችው እሙ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እንዝርት ያሾረች ሴት ናት፤ የሚሽከረከር ነገር በጥቂቱም ቢወላገድ ዓይኗን ያሳክካታል። ጎማውን ትገለብጥና በእጇ ታሾረዋለች፣ የላላውን ሽቦ ታጠብቃለች፣ የጠበቀውን ታላላለች፣ እንደ ደህና እንዝርት ቀጥ ብሎ እስኪዞር አትለቀውም። አንድ ደንበኛ ግን ጎማውን በእሷ እጅ ላይ ሲያየው መንጭቆ ወሰደባት። «ሽሮ መሰለሽ እንዴ?» አላት፣ በባሏ ፊት። ደሜ አንገቱን ደፋ። 

በማግስቱ መሥሪያውን በመጋረጃ ለሁለት የከፈለችው እሷው ናት። አበባ ያለበት የአልጋ ልብስ ነበር። ባሏ በሰው ፊት ከሚያንስ እሷ ባትታይ ይሻላል ብላ። ከመጋረጃው ወዲህ ደሜ ቱታውን ለብሶ ይቀመጥና አንድ የተሰበረ ፔዳል በመዶሻ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፤ መንቀጥቀጡ በመዶሻው ውስጥ ይጠፋለታል፣ ደንበኛም ሥራ ላይ ያለ ይመስለዋል። ከመጋረጃው ወዲያ እሙ ትሠራለች። አንዴ ካሳለች ትንሽ ቀርቷል። ሁለቴ ካሳለች አልቋል። «ኧረ ሴትዮዋን ሐኪም ያሳዩዋት፣ ጋሽ ደሜ» ይሉታል ደንበኞች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

እሙ ይህን ሁሉ ለሚሊዮን አሁን ነገረችው። ሳሉንም፣ ፔዳሉንም። ሚሊዮን እያዘነ አዳመጣት። ባል የሞተባት ሴት ሲያዳምጡ እንደሚታዘነው።

«ከባድ ነው፣ እማማ እሙ» አለ። «ሰው ሲናፍቅ ብዙ ነገር ያስባል።»

«አላበድኩም፣ አንተ! ብስክሌትህን ወዲህ አምጣ። ጎማውን ፍታ።»

«ምን ሆነና? ጋሽ ደሜ ከነኩት ወዲህ እኮ አንዴም ሽቦ ካላማዳሪውን ከውስጥ በልቶት አያውቅም።»

«እሱን ነው የምልህ። ካላማዳሪውን ሽቦው የማይበላብህ ለምን ይመስልሃል? ሌላው ቤት ከሥሩ የላስቲክ ቁራጭ ይጠቀልሉበታል፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ያንተ ቸርኬ ላይ ያለው መቀነት ነው። ከጥጥ። እኔ ፈትዬ እኔ የጎነጎንኩት። ጠርዙ ላይ ሦስት ቀይ ክር አለው። ከሌለው እንደ ውሻ አባርረኝ።»

ሚሊዮን ልጅቷን አየ። ሜቲ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሽማግሌ ማስቀየም ነውር ስለሆነ ብቻ ሰውየው ተንበረከከ፤ በማንኪያ እጀታ ጎማውን ፈልቅቆ ካላማዳሪውን ጎትቶ አወጣ። ከሥሩ ቸርኬውን ዙሪያውን የያዘ፣ ጣት የማይሞላ ጠፍጣፋ የጥጥ መቀነት ታየ። ላብና ዝገት አጥቁሮታል። ጠርዙ ላይ ሦስት ቀይ ክር።

እሙ ከበርጩማዋ ሆና ቀዩን ክር በጣቷ አሳየችው። 

ሚሊዮን መቀነቱን በጣቱ ዳሰሰው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አይ ጋሽ ደሜ!» አለ። «አይ ሰውዬ! የሚስቱን ፈትል! ሰው መቼም ይሄንን አያስብም። እንዴት ቢወዱዎት ነው፣ እማማ እሙ? በአዲሱ ክፍል ፎቷቸው ሥር እንሰቅለዋለን። ሰው ሁሉ ይየው።»

እሙ ወደ ልጇ ዞረች። 

«ሜቲ» አለች። «ከትምህርት ቤት ስትመጪ ከመጋረጃው ጀርባ ማንን ነበር የምታገኚው? ንገሪው።»

ሜቲ ስልኩን አወረደችው። ታውቃለች። ደብተሯን ግራሶ እንዳይነካው እየጠበቀች በእናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን የሠራች ልጅ ናት። ግድግዳው ላይ ቱታ ለብሶ የሚስቀውን የአባቷን ፎቶ አየች፤ ሚሊዮንን አየች።

«አብራችሁ ነው የሠራችሁት፣ እማዬ» አለች በቀስታ። «አባዬም አንቺም። ምን ለውጥ አለው? በቃ ተይው፤ ሥራ ረፈደብኝ።»

«እኮ!» አለ ሚሊዮን ደስ ብሎት። «አብረው! በደንብ አስተምረውዎታል ማለት ነው። ክፍሉ ሲመረቅ ይመጣሉ፣ ከፊት ነው የምናስቀምጥዎት። መሥራቱን ለጎረምሶች ይተዉላቸው፤ እርስዎ ይረፉ።»

ለሙግት የሚሆን ነገር አልቀረም። ምስክር ያለቻት ልጇ አፏን ከፍታ ለሟቹ ፈረደች። መጋረጃውን ማን ሰቀለው? እሷ። ሳሉን ማን አሰበው? እሷ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደሜን በአንድ የተሰበረ ፔዳል ባለሙያ አድርጋ አቆመችው፤ ይኸው ዛሬ ሞቶም እሷን ይበልጣታል። ቂም ልትይዝበት ፈለገች። እጁ ሲንቀጠቀጥ ታያትና እሱንም አልቻለችም።

ሚሊዮን ሞርሳውን ከጠረጴዛው ፈታ፣ ፒንሳና መፍቻውን በማዳበሪያ ከረጢት ከተተ፣ ፎቶውን ከምስማሩ አወረደ። የተሰበረውን ፔዳልም ከመሬት አንስቶ፣ «ይሄ ምንድነው?» አለና ከረጢቱ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ካላማዳሪውን በመቀነቱ ላይ ሊመልስ ጀመረ፤ ወደ ቤቱ ሊነዳ ነዋ።

እሙ ከበርጩማዋ ተነሥታ መጣችና እግሯን ቸርኬው ላይ አደረገች።

«ምነው፣ እማማ እሙ?»

«እሱን አውጣው።»

«ምኑን?»

«መቀነቱን። የኔ ነው።»

«እንዴ፣ እንዲህ ባዶውን ካሰርኩትማ ሽቦው ይበላብኛል፣ መድኃኔ ዓለም ድረስ እንኳ አያደርሰኝም! በኋላ አመጣልዎታለሁ፣ በፍሬም…»

«ሞርሳውን ውሰድ። ፎቶውንም ውሰድ፣ ስቀለው፣ ሳመው። የኔን መቀነት ግን አሁን ፍታና እዚህ እጄ ላይ አስቀምጥ።»