ድርቤ ግራ እጅጌ ናት

ድርቤ አዳማ ካለው ልብስ ፋብሪካ «ትዕዛዝ ጠፋ» ተብላ ከነጓደኞቿ ተሸኝታ አገሯ ነቀምት ከተመለሰች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። እዚያው ገበያ ዳር ልብስ የሚሰፉት ኦቦ ጂሬኛ ወሬውን ሰምተው ራሳቸው አስጠሯት። ለእሁድ አርባ የቤተክርስቲያን ኳየር ጋዋን ሊሰፉ ትዕዛዝ ይዘዋል፣ ሰራተኛቸው ደግሞ ጥሏቸው ሄዷል።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ? ስንት ዓመት ሰፋሽ?»

«ሦስት።»

«በቃ ተቀመጪ! አንድ ጋዋን ጨርሰሽ ካሳየሽኝ ስራው ያንቺ ነው።»

የተቆረጠውን ጨርቅ ተቀበለች። ግራ እጅጌውን ይዛ ቱርርር! ሰውዬው መነጽራቸውን ሳያስተካክሉ ገጥማ ጨረሰችው። ከዛ ቁጭ አለች።

«ምነው፣ ክር አለቀ?»

«አይ፣ የኔ አለቀ። እኔ ግራ እጅጌ ነኝ። ቀኙን ፋብሪካ አጠገቤ የነበረችው ሂሩት ናት የምትሰፋው።»

ጋዋን ልትለካ የመጣችው የኳየሯ ፌኔት በሳቅ ፈረሰች። «ኦቦ፣ ግማሽ ሰፊ ነው እንዴ ያመጡልን?»

ድርቤ ፊቷ ቀላ። ቀኙን ሞከረች፣ ተገልብጦ ተሰፋ። ፈታችው። ደግማ ሰፋችው፣ አሁንም ወደ ኋላ ዞረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመኪና ላይ ያልተነሳ ሰው እንዴት መስፋት አይችልም? ግራ ሲገባት ጊምቢ ቤተሰቦቿ ጋ ለተመለሰችው ሂሩት ደወለች።

«ሂሩቴ፣ ቀኙን እንዴት ነበር የምትይዢው?»

«እኔ እንጃ ባክሽ፣ እጄ ነው የሚያውቀው። ይልቅ ግራው እንዴት ነው? እዚህ አንድ ሰፊ ሊፈትነኝ ነገ ነይ ብሎኛል!»

ኦቦ ጂሬኛ ሰምተዋል። ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው አሰቡ አሰቡና፣ «ልጅቱን ጥሪያት» አሉ። «እጅጌውን እናንተ፣ የጋዋኑን አንገት እኔ እይዛለሁ። ግን አንድ ደሞዝ ነው ያለኝ፣ ለሁለት ትካፈላላችሁ።»

«ስንት ቀን?»

«ጋዋኑ እስኪያልቅ። ከዛ ወዲያ እኔም አላውቅም።»

ይሄ መቀጠር ነው? ወይስ ምንድነው? ድርቤ ሰውዬውን አየች፣ ፌኔትን አየች፣ ተገልብጦ የተሰፋውን ቀኝ እጅጌ ደግማ መፍታት ጀመረች።

«ሄሎ?» አለች ሂሩት ከስልኩ ውስጥ። «ድርቤ፣ ምን አሉሽ? ልምጣ ወይስ ይቅር?»

«ቆይ... ቆይ እስቲ» አለቻት።