ከአሸዋው ክምር ወዲያ

ባሕር ወለዶቹ ተዋጊዎች መርከበኞችን «ሹፌሮች» ይሏቸዋል፤ መርከበኞቹም በተራቸው እነሱን «ሻንጣ» ይሏቸዋል። ተዋጊዎቹን ከመርከቡ ወደ ባሕሩ ዳር የምታደርሰው ጀልባ ነጂ ግን ዛሬ ለቀልድ ልብ አልነበራትም። ባለፈው ልምምድ የጀልባዋ ሆድ አሸዋ ሲነካ ደረስን ብላ የፊቱን በር ከፍታለች። የነካው ግን ከውሃ በታች የተከመረ አሸዋ ኖሯል፤ ከክምሩ ወዲያ ባሕሩ እንደገና ይጠልቃል። ከባሕር ወለዶቹ ቀድሞ የወረደው ሽበታሙ ሃምሳ አለቃ ከነመትረየሱ ሰምጦ በገመድ ነው የወጣው። ዛሬ ከደገመችው ዳግም መሪ አትጨብጥም፤ አለቃዋ ቁርጧን ነግሯታል።

«ሹፌሯ፣» አለ አንዱ፣ «ዛሬስ ዋና ነው የእግር ጉዞ?»

«ሻንጣ አይናገርም፣» አለች። ድምጿ ግን ቀጠነባት።

ሁሉም ሳቁ፤ ሃምሳ አለቃው ብቻ ዓይኑን ከውሃው አላነሳም።

ጀልባዋ አሸዋ ፋቀችና ቆመች። ዳርቻው እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል።

«ክፈቺ፣» አለ የባሕር ወለዶቹ መቶ አለቃ።

እጇ የበሩ ማንሻ ላይ ቀረ። ከፊታቸው ማዕበሉ አረፋ ሳያወጣ ለስልሶ ያልፋል። ጥልቅ ቢሆን ነው እንጂ ይሰበር ነበር።

«ገና ነው፣ ጌታዬ።»

«ደርሰናል እኮ። ክፈቺ ብያለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እግራችን መሬት እስኪረግጥ አዛዣችን እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ነዎት።»

«አንተን ያሰጠመችህ እሷ አይደለችም እንዴ?»

«ናት። ያንን ጉድጓድ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከእኔ በቀር።»

መቶ አለቃው ፊቱ ቀላ፤ ሆኖም ከበሩ ፈቀቅ አለ።

«ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣» አለች። ጥቂት ወደ ኋላ ሳበች፣ ትልቁን ማዕበል ጠበቀች፣ ሲያነሳት ነዳጁን ሰጠችው። ጀልባዋ ክምሩን ተሻግራ፣ ጥልቁን ሰንጥቃ ዳርቻው ላይ ወጣች። በሩን ከፈተች። ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም።

ሲወርዱ ዓይኗን ከእነሱ መንቀል አቃታት። አሁን ሲላፉ የነበሩት ሰዎች ድምፅ የላቸውም፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይጠብቀዋል፣ ማንም ዞሮ ጓደኛውን አይፈልግም። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ጭና እንደመጣች ስታስብ ኩራት ነገር ተሰማት።

ደስታዋ አልቆየም። ሞተሩን ወደ ኋላ ብታስጮኸው ጀልባዋ ንቅንቅ አልል አለች፤ ጉልበት አብዝታ አሸዋው ውስጥ ተክላታለች። ተከታዮቹ ጀልባዎች ደግሞ ቦታውን ይፈልጉታል።

ሃምሳ አለቃው ዞር ብሎ አያት። ሰዎቹን በእጁ ጠራና ትከሻቸውን ከጀልባዋ አፍንጫ ጋር አገጣጠሙ። መቶ አለቃውም መጣ። «ሻንጣ ሹፌሩን ሲገፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ አንዱ እያቃሰተ። በደረቁ ያወረደቻቸው ሁሉ እስከ ወገባቸው ረጠቡ፤ ጀልባዋም ቀስ ብላ ተንሳፈፈች።

መቶ አለቃው እርጥብ ሱሪው እግሩ ላይ እንደተጣበቀ ቆሞ ሬዲዮውን አነሳ።

«መርከብ፣ ወርደናል። ለመልስ ጉዞው ይቺኑ ነጂ ላኩልን፤ በሌላ አንሳፈርም።»