ጋሼ ይርጋ የፈራው

1.

«አይሆንም አልኩህ!»

ጋሼ ይርጋ በስልክ ሲጮህ አስናቀ ቀፎውን ከጆሮው አራቀው።

2.

ከጩኸቱ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ።

አስናቀ ደሴ ላይ በርና መስኮት የሚበይድ የአርባ አራት ዓመት ሰው ነው። ሚስቱ ዘቢደር አራተኛ ልጃቸውን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ተረፈች። «ከእንግዲህ ማርገዝ የለባትም» አሉ ሐኪሞቹ። የወሊድ መከላከያ መርፌው ራስ ምታት ለቀቀባት፤ ክንድ ላይ የሚቀበረውም አልተስማማትም።

አስናቀ የወንዱን የዘር ቱቦ በትንሽ ቀዶ ሕክምና መዝጋት እንደሚቻል የሰማው ያኔ ነው። ቤቱ ገብቶ፣

«አንቺ በቃሽ። አሁን ተራው የኔ ነው» አላት።

ዘቢደር ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

3. ታላቅ ወንድሙ ኮምቦልቻ ሆኖ የደወለው ስልክ

ይርጋ፦ እሱን ያስደረገ ሰው ፕሮስቴት ካንሰር ይይዘዋል። በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

አስናቀ፦ ማን ነው ያለው ጋሼ?

ይርጋ፦ ማንም ይበለው! አባባ በምን ሞቱ?

አስናቀ፦ ተው ጋሼ።

ይርጋ፦ በምን ሞቱ?

አስናቀ፦ በእሱ።

4. አስናቀ ለሐኪሟ በካርቶን ቁራጭ ላይ የጻፋቸው

ካንሰር ያመጣል?

ወንድነቴን ይነካል?

የአባባ ልጅ መሆኔስ?

ሦስተኛውን ሰረዘው። እንደገና ጻፈው።

5.

«እውነቱን ልንገርዎት» አሉት ዶክተር ፍሬሕይወት። «አንዳንድ ጥናቶች ባስደረጉት ሰዎች ላይ በካንሰሩ ትንሽ ብልጫ አይተዋል። ሌሎች ምንም አላገኙም። ቢኖር እንኳ በጣም ጥቂት ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው የመጣ ስለመሆኑም ማረጋገጫ የለም። ወንድነትዎን አይነካም።»

«አባቴስ?»

«እሱ ነው ቁም ነገሩ። ቱቦው ቢዘጋም ባይዘጋም፣ አርባ አምስት ሲሞላዎት ስለ ፕሮስቴት ምርመራ መጥተው ያነጋግሩኝ። ወንድም አለዎት?»

«ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው።»

«ተመርምሮ ያውቃል?»

«እንጃ» አለ አስናቀ። ለራሱ ግን ወስኖ ነበር።

«የት ጋ ልፈርም?»

6.

ሃያ ደቂቃ።

7.

ስለ ስድስተኛው፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ብዙ ልጽፍ ነበር፤ አስናቀ ግን ከዚያ በላይ የሚወራ የለውም ይላል። ሁለት ቀን ቤት ዋለ። ቱቦው ቢዘጋም ዘሩ ወዲያው አይጠፋምና ሦስት ወር በኮንዶም ተጠነቀቁ። ሲመረመር ምንም ዘር አልተገኘም።

ዘቢደር በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ ተኛች።

8.

አስናቀ «ይኸው አለሁ» ሊለው ኮምቦልቻ ወረደ። ምሳ ቀረበ። ጋሼ ይርጋ በአንድ ምሳ ሦስት ጊዜ ለሽንት ተነሣ። በሦስተኛው ሲመለስ ፊቱ በላብ ርሶ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ምኑ?»

«ይሄ መመላለስ።»

ጋሼ ይርጋ እጁን ታጠበ። ታጥቦ የነበረውን እጅ።

«ዓመት አልፎታል።»

«ለራስህ ፈርተህ ነው እንዴ እኔን ስትቆጣ የነበረው?»

«አባባን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። አንተ አላየህም። ባላውቀው ይሻለኛል።»

«አባባ ዘግይተው ነው ሐኪም ጋ የሄዱት። አንተ ነገ ጠዋት ትሄዳለህ።»

«እምቢ ብልስ?»

«የብረት በር የምሸከም ሰው ነኝ። አንተ አታቅተኝም።»

ጋሼ ይርጋ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ግን ሳቅ ቀደመው።

9. ቅጽ

ስም፦ ይርጋ ታፈሰ

ዕድሜ፦ 58

በቤተሰብ የፕሮስቴት ካንሰር፦ አለ፣ አባት

የዘር ቱቦ ተዘግቷል?፦ አልተዘጋም

አብሮ የመጣ፦ ታናሽ ወንድም

10.

ከሳምንት በኋላ ሁለቱም የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የደም ምርመራው ውጤት በታሸገ ፖስታ ነው። ጋሼ ይርጋ አገላበጠውና ለወንድሙ ሰጠው።

«አንተ አንብበው።»

«ምንም ይሁን ምን፣ ከዚህ ተነሥተን ዶክተሯ ጋ ነው የምንገባው። እሺ በለኝ።»

«አስኔ…»

«እሺ በለኝ ጋሼ።»

«እሺ።»

አስናቀ ፖስታውን ቀደደ።

11. ውጤት፦ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ተነሥተው ዶክተሯ ጋ ገቡ።