ካውያና ገመድ

በዚያ ክረምት ፀሐይ ጠፋች። ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶ ሻገተ፤ ደንበኛ ሸሸ፤ ረዳቱም ጥሎ ሄደ። ልብስ አጣቢው ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ካውያ አስጨበጣት። «ዝናቡ ሲያባራ ትመለሻለሽ» አላት። ዝናቡ አባራ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። የማን ልብስ እንደ ደረቀ፣ ማን ተደውሎለት እንደሚጠራ በቃሏ የምትይዘው እሷ ሆነች፤ ሱቁ አልለቅ አላት። የአባት ዕዳ ለልጅ ይላሉ፤ እሱ ግን ዕዳ ያለበት ለራሷ ለልጁ ነበር። ካውያውን በእጇ ባየ ቁጥር ይቆረቁረዋል።

ልጅቷ ሥራ ሲቀዘቅዝ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተማረች።

«አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚጠራውን ደንበኛ ይኼ ይነግርሃል።»

«ከነገረኝ ካውያውን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ ወደ ትምህርትሽ።»

ልብሱን አንድ በአንድ እየዳሰሰች የደረቀውን መዘገበች። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች። ስም ሲጠብቁ የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ «አዎ፣ አይደለም፣ አይደለም፣ አዎ» እያለ ወረደ፤ በደንበኛው ሁሉ ልክ።

ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካይ በሩን ተደግፎ ያያል። «አቶ ‹አይደለም› ብዙ ልብስ አላቸው ማለት ነው! ደውሉላቸው እንጂ!»

«አንተ ወደ መቀስህ!» አለ አባት። ፊቱ ግን ጠቁሯል።

ልጅቷ የተተኮሰውን ክምር አየች፤ ቀጥላ ገመዱን አየች። ሳቋ አመለጣት።

«መልቀም ሲገባኝ ተኩሼ! አባዬ፣ ማፕ የሚሉት የፕሮግራም ትእዛዝ ካውያ ነው፤ የገባው ሁሉ ተለውጦ ይወጣል፣ አንድም አይቀርም። ደንበኛውን ሁሉ አዎና አይደለም አድርጎ ተኮሰብኝ። ፊልተር የሚሉት ትእዛዝ ግን ከገመድ መልቀም ነው፤ የደረቀው እንዳለ ይወርዳል፣ እርጥቡ እዚያው ይቀራል። ሸሚዙ አይነካም፤ ቁጥሩ ነው የሚያንሰው።»

ማፕ የምትለውን አንዷን ቃል በፊልተር ቀየረች።

«አስተማሪዋ፣ ባለ ፂሙ፣ ዳቦ ጋጋሪው» አለ መስኮቱ።

አባት አላመነም፤ ተነስቶ የሦስቱንም ልብስ በመዳፉ ዳሰሰ። ደርቋል። የሌሎቹን ዳሰሰ፤ እርጥብ ነው። ተመልሶ ቁልፉን በገዛ ጣቱ ተጫነ። ያው ሦስቱ ወጡ።

«ማን አስተማራት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ አሁን ሳይስቅ።

«የማን ልጅ መሰለችህ?» አለና አባት ደረቱን ነፋ።

ልጅቷ ካውያውን ስታነሳ ከእጇ ተቀበላት።

«አባዬ፣ የባለ ፂሙ ሸሚዝ ገና አልተተኮሰም፤ ልጨርሰው።»

«እኔ እጨርሰዋለሁ። ደብተርሽን ፈልጊ፤ ነገ ማለዳ ትሄጃለሽ።»

ኮሌታውን ዘረጋ፣ ውሃ እፍ አለበትና መተኮስ ጀመረ።