ባዶውን የማይመለስ ጨርቅ

"እውነት ኬማኽ፣ ዱቄት፣ የለበትም?" ሲል ወጣቱ ደርሶ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ።

የፈላፍል ሻጩ ከሚንተከተከው ዘይት ላይ ቀና ብሎ አየው። "ሽምብራ ነው አልኩህ እኮ! ሽምብራ፣ ሽንኩርት፣ ቅመም። ዱቄት የሚባል የለበትም። ከዚህ በላይ ምን ልስጥህ? ማኅተም ያለው ወረቀት?"

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ደርሶ ፊቱ እንደ እሳት ጋለ። ለመክፈል እጁን ሲዘረጋ ሻጩ አዲስ የተፈጨ ሽምብራ ከባልዲ ገልብጦ ማድቦልቦል ጀመረ። ሽምብራው ውሃ በዝቶበት እየፈረሰ አስቸገረው። ከጎኑ ካለው ከረጢት አንድ እፍኝ ነጭ ዱቄት ዘግኖ ነሰነሰበት።

"ይኼስ?" አለ ደርሶ።

"ይኼማ ትንሽ ነው፤ እንዲያያዝ ነው።"

ደርሶ ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ ከሰልፉ ወጣ። ለእሱ ትንሽ የሚባል የስንዴ ዱቄት የለም።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ እስራኤል ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አገር ቤት ሳለ በጤፍና በዳጉሳ ያደገ፣ ስንዴ በዓል ሲመጣ ብቻ የሚቀምስ የገበሬ ልጅ ነበር። እዚህ ሆቴል ውስጥ ሲያሰፍሯቸው ግን ጠዋት ዳቦ፣ ቀን ዳቦ፣ ማታ ዳቦ ሆነ። ሌላው ሰው ሲወፍር እሱ ከሳ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ የበላው አልረጋለት አለ። ዘመዶቹ እናቱን ናፍቆ ነው አሉ። አንዳንዱ ደግሞ የሰው ዓይን በልቶታል አለ። ከአራት ወር በፊት ግን ሮፌው፣ ሐኪሙ፣ ከአንጀቱ ቆንጥሮ አስመረመረና "ጼሊያክ" የሚባል ሕመም ነው ብሎ ነገረው። መድኃኒት የለውም። ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልኩን መተው ብቻ ነው። ይህንኑ በወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ ሰጠው። ደርሶ ያንን ካደረገ ወዲህ ሥጋ ለበሰ፤ ወደ ፕላስቲክ ፋብሪካ ሥራውም ተመለሰ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል።

ዛሬ አሽቀሎን የመጣው ሚስት ሊያጭ ነው። ከሰሜን፣ በጊዜያዊ ቤት ካረፉበት የካራቫን ሰፈር፣ በሁለት አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተጉዘዋል። ሽማግሌ ሆኖ የመጣለት የአባቱ ወንድም ጋሼ ዓለምነው ነው። ጋሼ ዓለምነው በታኻና መርካዚት፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አውቶቡሶቹን እንደ ከብት እየቆጠረ ተቀምጧል።

"አገኘህ?" አለው።

"አላገኘሁም። ዱቄት ጨመረበት።"

"አሁን የሰው ቤት ግብዣ ተጠርቶ በየሱቁ የሚዞር ሰው ይታያል?"

"ጠግቤ ብሄድ ይሻላል፣ ጋሼ። ሲያቀርቡልኝ ጠግቤያለሁ ብል ውሸት አይሆንም።"

ጋሼ ዓለምነው ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማኝ፣ ደርሶ። ይህን ነገር ሳንነሳ ልነግርህ ይገባ ነበር። እዚያ ቤት የቀረበልህን ትበላለህ። አገር ቤት ሳለን በእነዚህ ሰዎች ላይ ክፉ ወሬ ነበር። የልጅቷ አባት ታፈረ፣ የአባቱ እናት ባሪያ ነበረች ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም፤ ፈጣሪ ያውቃል። ግን ብዙ ሰው ከቤታቸው እህል አይቀምስም ነበር። ያንን የማያስታውስ የለም። እሱም አይረሳም።"

"እንግዲያው ሕመሜን ልንገራቸው።"

"ትነግራቸውና? 'የማይድን በሽተኛ ነው፣ ልጅዎን ይስጡን' ልበል? ለዚህ ነው እንዴ ሦስት ሰዓት የተንገላታሁት?"

 ደርሶ ሊያጫት የመጣውን ወይንሸትን ያየው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቴ በሰርግ፣ አንዴ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ካራቫን ሰፈሩ መጥታ። የሚናገረው ጠፍቶት ዝም ሲል፣ እሷም ዝም ብላ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ዝምታው ያላስጨነቃት ሰው ያየው እሷን ብቻ ነው።

በእግር ወደ አቲቆት ሰፈር ሲሄዱ፣ መንገድ ዳር አንድ የሞሮኮ ሽማግሌ በትልቅ ድስት በቆሎ ሲቀቅል አገኙ። ደርሶ እንደ ልማዱ ጠየቀ። ሽማግሌው ክዳኑን ከፍቶ እንፋሎቱን ወደ ፊቱ ለቀቀበት።

"ውሃ፣ ጨው፣ በቆሎ! ካላመንከኝ ግባና ዋኝበት!"

ደርሶ ሳቀ። ሦስት ራስ በቆሎ ገዝቶ እየሄደ ጋጠ። ከሆዱ ይልቅ ልቡ ጠገበ።

"ሙሽራ ሊሆን የመጣ ሰው እንደ ዝንጀሮ በመንገድ ላይ በቆሎ ሲግጥ!" አለ ጋሼ ዓለምነው። "አፍህን ጥረግ ቢያንስ።"

የአባባ ታፈረ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀድመው፣ በሱዳን በኩል የመጡ ስለሆኑ የራሳቸው ቤት አላቸው። አባባ ታፈረ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ባለቤቱ እትዬ ትዋበች ግን እንግዶቹን ከደረጃው ጀምራ እያገላበጠች ሳመቻቸው።

እንደ ወጉ ዘር ተቆጠረ። ጋሼ ዓለምነው በደርሶ በኩል፣ አባባ ታፈረ በወይንሸት በኩል፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ስም በስም ጠሩ። አባባ ታፈረ የአባቱ እናት ዘንድ ሲደርስ ስሟን ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ፣ ጋሼ ዓለምነውን ዓይን ዓይኑን እያየ ጠራት። ጋሼ ዓለምነው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። የሚገናኝ ዘር አልተገኘም።

"እሰይ፣ ተመስገን!" አለች እትዬ ትዋበች፤ ከጓዳም ትልቅ ድፎ ዳቦ ዳሩ ቀይ ጥለት ባለው ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ሲገለጥ የጥቁር አዝሙድ ሽታ ሳሎኑን ሞላው።

አባባ ታፈረ ተነሣ። "ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል" ብሎ ባረከና ቆረሰ። የመጀመሪያውን ቁራሽ በሁለት እጁ ለደርሶ ዘረጋለት።

ደርሶ ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ከዚያ ዳቦውን እንደያዘ ቆመ።

"ብላ እንጂ፣ ልጄ" አለች እትዬ ትዋበች።

"ጠግቤያለሁ፣ እማማ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ከምን ጠገብክ?" አለ አባባ ታፈረ።

"መንገድ ላይ... በቆሎ በልቼ ነው።"

ጋሼ ዓለምነው ጉሮሮውን ጠረገ። አባባ ታፈረ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"እኔ ቤት ልትመጣ በቆሎ በልተህ መጣህ" አለ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ያ የባሰ ነበር። "አባቴ የሞተ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ለቅሶ መጣ። አለቀሱለት፣ እውነት ነው። ሲርባቸው ግን እያንዳንዱ ስንቁን ከአገልግሉ እያወጣ በላ። እናቴ ያቀረበችውን የነካ አልነበረም። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ዳቦውን መልሼ ወደ ጓዳ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በእግሬ ሱዳን ድረስ ስሄድ፣ ይህ ነገር እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።"

"ኧረ በፍጹም፣ ወንድሜ ታፈረ! ልጁ አፍሮ ነው፤ አይናፋር ነው!" አለ ጋሼ ዓለምነው ላብ እያጠመቀው።

ደርሶ ቀና ሲል ወይንሸትን በጓዳው በር ላይ አያት። ትሪ ይዛ ቆማለች። ዓይኖቿ መሬት ላይ ወድቀዋል። ወረቀቱ ደረቱ ላይ ነበር፤ እጁን ሰድዶ ማውጣት ብቻ ነበር የቀረው። ግን እጁ ወደ ደረቱ ሳይሆን ወደ አፉ ሄደ።

ቆርሶ ጎረሰ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ዳቦ በልቶ አያውቅም፤ ያ ይበልጥ አበገነው።

እትዬ ትዋበች ዕልል አለች። ሌላ ቁራሽ በወጥ አጥቅሳ ራሷ አጎረሰችው። "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ብላ ደገመችው። ሳቅ ሆነ። አባባ ታፈረም ፊቱ ተፈታ። ቀኑ ሳይመሽ ሰርጉ በሱኮት በዓል ማግስት እንዲሆን ተቆረጠ፤ ልጅቷ ተሰጠች።

ሲወጡ ወይንሸት እስከ ደረጃው ሸኘችው። የቀረውን ዳቦ በዚያው ባለቀይ ጥለት ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው።

"እናቴ ለስንቅ ይሁናችሁ ብላለች። ጨርቁን ግን ባዶውን እንዳትመልሰው ብላለች።"

"አልመልስም።"

"ደርሶ" አለች፣ ሊወርድ ሲል። "በአረጋውያን ቤት ነው የምሠራው። መራራ ክኒን የሚውጥ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዳቦውን ለምን እንደዚያ ዋጥከው?"

አፉን ከፈተ። "ና እንጂ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው!" ሲል ጋሼ ዓለምነው ከታች ተጣራ። ደርሶ አፉን ዘጋና ወረደ።

ታኻና መርካዚት ሲደርሱ ቁርጠቱ ጀመረው። መጀመሪያ እንደ ቢላ ወጋው፤ ከዚያ እምብርቱን ይዞ ጠመዘዘው። ከአንድ ግድግዳ ጀርባ ሄዶ ያለውን ሁሉ አስመለሰ፤ በቆሎውም አብሮ ወጣ። ሲመለስ ጋሼ ዓለምነው ለሰርጉ የሚጠሩትን ሰዎች በደስታ በጣቱ እየቆጠረ ነበር።

"አይዞህ፤ ጥርስህን ነክሰህ እስከ ሰርጉ ቻለው" አለው።

"ከሰርጉ በኋላስ፣ ጋሼ?"

"ከሰርጉ በኋላማ ሚስትህ ናት። ቢነግሯት ወዴት ትሄዳለች?"

ደርሶ አጎቱን ትክ ብሎ አየው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የጉድጓድ ውኃ ከሚጠጡበት መንደር እስከ አውሮፕላን ድረስ እጁን ይዞ ያመጣው እሱ ነው። የተናገረውም ሰው ሁሉ የሚናገረውን ነው። ግን ቃሉ ከዳቦው ይልቅ አንገፈገፈው።

አውቶቡሳቸው መጥቶ በሩን ከፈተ። ደርሶ ጥቅሉን ፈታና ዳቦውን በአጎቱ ጋቢ እቅፍ ውስጥ አኖረው።

"ይኼን ለቤተ ዘመድ ያድርሱልኝ። ሁሉም ይብላ። እኔ በኋለኛው አውቶቡስ እመጣለሁ።"

"ወዴት ነው?"

"ጨርቁን ልመልስ።"

"አብደሃል? ሰጥተውናል እኮ! ይህን ብትነግራቸው ዛሬውኑ ይነሱናል!"

"ሊነሱን ይችላሉ።"

"ሰው ጨርቅ ባዶውን ይመልሳል? ይህን ያህል እንኳ ወግ አላስተማርኩህም?"

"አስተምረውኛል" አለ ደርሶ።

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ጋሼ ዓለምነው ዳቦውን ታቅፎ እያጉረመረመ ገባ። ደርሶ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጨርቁን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፍርፋሪውን አራገፈ። ከደረት ኪሱ የሮፌውን ወረቀት አወጣና መሐሉ ላይ አስቀመጠው። የጨርቁን አራት ጫፍ በየተራ አጠፈበት። ከዚያ ሆዱን በአንድ እጁ ይዞ መንገዱን ተሻገረ።