የደቂቃ ደብተር

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «ደቂቃ» ነው የሚላት። የመውጫ ሰዓት ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ሰማይ ቢደፋ ማሽኖቹን ታስቆማለች። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ አምስት ደቂቃ የክፍሏን ሰዎች አቁማ ታነጋግራለች። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን ሹፈት እንደነበር የሚያስታውስ ጠፋ።

ነገሩ የጀመረው በመርፌ ነው። ቤቱ የሚያጥበው የሦስት ሆስፒታሎችን አንሶላና ጋወን ነበር። ደቂቃ የቆሸሸውን በምትለይበት ክፍል ሳለች፣ አንድ ቀን ከተጠቀለለ አንሶላ ውስጥ የነበረ መርፌ አውራ ጣቷን ወጋት። ስድስት ወር ሙሉ ደሟን እየሰጠች፣ ውጤት እየጠበቀች፣ ትንሿን ልጇን ለመሳም እንኳ እየፈራች ከረመች። ደግነቱ ነጻ ወጣች። ውጤቱን የተቀበለች ዕለት «ሁለተኛ አይለምደኝም፣ እጠነቀቃለሁ» ብላ ማለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት፣ እጇን ጥቅልል አንሶላ ውስጥ እስከ ክርኗ ሰዳ አገኘችው።

«ለካ እስኪደክመኝ ድረስ ብቻ ነው የማልኩት» አለች ለራሷ። ከዚያ በኋላ መማሏን ተወችና ጠረጴዛ አመጣች።

ጠረጴዛውን በቆሸሸው ልብስ ከረጢትና በማሽኑ መካከል ገተረችው፤ ማንም አንሶላውን ሳይዘረጋ ማለፍ እንዳይችል። መርፌ ማንሻ መቆንጠጫ በገመድ አሥራ እዚያው አንጠለጠለች፤ «የት አለ?» የሚል ሰው እንዳይኖር። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለማድረቂያዎቹ ሰጠች። ከጨርቅ የሚረግፈው ለስላሳ ብናኝ ወንፊታቸው ላይ ይከማቻል፤ ካልተጠረገ በሙቀቱ ይያያዛል። የጠዋቷ አምስት ደቂቃ ደግሞ ትናንት ምን እንደጎደለ የሚወራባት ናት፤ ማን እንዳጎደለ አይነሳም። ይኸው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው በመርፌ አልተወጋም።

ይህን ሁሉ፣ የሠራውንም ያልሠራውንም፣ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ጽፋዋለች። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ልጄን ጥርስሽን ቦርሺ እያልኩ ዓመት ለፈለፍኩ። ብሩሹን ከጫማዋ አጠገብ ያስቀመጥኩ ቀን ግን ሳልነግራት ጀመረች። እኛም የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ደክሞን እንኳ የሚሠራ።»

ደብተሩን ያነበበች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። እሷም እዚያው ቤት ሌላ ክፍል የምትሠራው ፏፏቴ ናት። አንድ ግቢ ነው ያደጉት፤ ደቂቃ ስታገባ ሚዜዋ ፏፏቴ፣ ስትወልድ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ያደረችው ፏፏቴ። ልጅቱ «አክስቴ» ነው የምትላት። ስሟ የወጣላት በወሬዋ ነው፤ አንዴ ከጀመረች የሚያቆማት የለም፣ የሚሰማትም አይሰለቻትም። ሰው ፊት ስትቆም ትሞቃለች። ደቂቃ ግን ከክፍሏ ሰዎች ውጭ ሌላ ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰርባታል።

«እስቲ ለአንድ ቀን አውሺኝ፣ እኔም ክፍል ልሞክረው» አለቻት ፏፏቴ አንድ ቀን፣ ልብስ ሲቀይሩ።

«ውሰጂው፣ የኔ እናት። ብቻ ሳሙና እንዳትደፊበት።»

አንድ ቀን የተባለው ሦስት ሳምንት ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን በሙሉ ምግብ አዳራሹ ሰበሰበና አዲስ የፈረቃ ኃላፊ መሾሙን ተናገረ። «ይህች ሴት ባዘጋጀችው ዘዴ መላው ድርጅት ይሠራል» ብሎ ፏፏቴን ጠራት። ፏፏቴ ከንፈሯን ተቀብታ፣ ወረቀት ይዛ ወጣች። ጠረጴዛው፣ መቆንጠጫው፣ አሥሩ ደቂቃ፣ አምስቱ ደቂቃ አንድ ሳይቀር ተነበበ። ከኋላ የተቀመጠችው ደቂቃ «አሁን ስሜን ትጠራለች፣ አሁን ትጠራኛለች» እያለች፣ በድንጋጤም በእፍረትም ቀሚሷን አስተካከለች።

«የእህቴን ልጅ ጥርስሽን ቦርሺ እያልኩ ዓመት ለፈለፍኩ» አለች ፏፏቴ። አዳራሹ ሳቀ። «ብሩሹን ከጫማዋ አጠገብ ያስቀመጥኩ ቀን ግን...»

ፏፏቴ እህት የላትም።

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ደቂቃ ወደ ጭኗ ስታይ የራሷም እጆች እያጨበጨቡ ነው። ሌላው ሁሉ ካለፈ በኋላ እንኳ፣ ይቺ ነገር ትዝ ባለቻት ቁጥር ፊቷን ያቀላታል።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጠብቃ ያዘቻት።

«ምነው? ምን በደልኩሽ?»

«እንዴ፣ እንዲህ አትሁኚ!» አለች ፏፏቴ፣ ክንዷን ይዛ። «አንቺ ሰው ፊት መቆም አትወጂ። እኔ ባላወጣው ሳጥንሽ ውስጥ ሲበሰብስ ይኖር ነበር። ደግሞ እኔ ወጣሁ ማለት አንቺ ወጣሽ ማለት አይደል? መቼ ተለያየንና?»

«ስሜን ለመጥራት ስንት ሰከንድ ይፈጅብሽ ነበር?»

ፏፏቴ ሳቅ ብላ «አንቺና ሰዓትሽ!» አለችና ወጣች። ደብተሩንም አልመለሰችም።

ደቂቃ ቤቷ ስትገባ ልጇ «አክስቴስ?» አለቻት። «ሥራ በዝቶባታል» ብላ መለሰችላት።

ፏፏቴ ሰው እንደሚያስበው ሰነፍ አልነበረችም። ቀን ከሌት ነው የሮጠችው። ግን ትልቅ ነገር ትወዳለች። በወሩ ግድግዳው ሁሉ «ዜሮ አደጋ!» በሚል ወረቀት ተሸፈነ። ሠራተኛው ቃል መግቢያ ላይ ፈረመ። የጠዋቷ አምስት ደቂቃ መፈክር ማሰሚያ ሆነች፤ እጅ አውጥቶ «እንችላለን!» ማለት። ትናንት ምን ጎደለ የሚል ጥያቄ ቀረ፤ ፏፏቴ «ጉድለት ማውራት ሞራል ይገድላል» አለች። ቀጥሎ በቀን የሚታጠበው ልብስ በአንድ ሦስተኛ እንዲጨምር ዕቅድ ወጣ። ለዕቅዱ ቦታ ሲጠብ ጠረጴዛው ተነስቶ ኮሪደር ላይ ተጣለ፤ ሰዓት ሲያንስ ደግሞ አሥሩ ደቂቃ ተወሰደ። «ወንፊቱን ሁሉም በየፊናው ያጽዳ፣ ቃል ገብተን የለ?» ተባለ። ሁሉም በየፊናው ሌላው ያጸዳዋል ብሎ ተወው።

ደቂቃ ሄዳ ነገረቻት። እንደ ጓደኛ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ፣ ቆማ።

«ወንፊቱ ካልተጠረገ ይነዳል። ሌላውን ተይው፣ አሥሯን ደቂቃ ብቻ መልሺ።»

«ሰው በቃሉ ከጸና አሥር ደቂቃ ምን ያደርግለታል? አንቺ ሰው አታምኚም፤ ችግርሽ እሱ ነው።»

በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፦ ወደ ማጠፊያ ክፍል። ማጠፊያ ክፍል ከማድረቂያዎቹ በግድግዳ የተለየ ነው። እዚያ ያገኘችው ጋሽ ተኳሽን ነበር። ጋሽ ተኳሽ በሕይወቱ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም፤ የሚተኩሰው አንሶላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ካውያ ላይ የቆመ፣ ጨርቅ በጣቱ ዳብሶ ስንት ጊዜ እንደታጠበ የሚናገር ሽማግሌ ነው።

«ልጄ፣ ሦስተኛው ማድረቂያ ሽታው አላማረኝም» አላት አንድ ቀን።

በሻይ እረፍቷ ሹልክ ብላ ወንፊቱን አወጣችው። እንደ በግ ለምድ ወፍሯል። ጠረገችው። በማግስቱም ጠረገችው። እንዲህ እያደረገች አሥራ አምስት ቀን ያህል ቆየች፤ ከዚያ ፏፏቴ ደረሰችባት።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ልታሳጪኝ ነው? ክፍልሽ አይደለም» አለች፤ ይህንኑም በጽሑፍ አስጠንቅቃ ፈረመችበት።

እሳቱ የተነሳው ወር ሳይሞላ፣ ረፋዱ ላይ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ጸጉር የሚመስል ሽታ መጣ። ቀጥሎ ጩኸት። ደቂቃ ስትደርስ ሦስተኛው ማድረቂያ በጎኑ ጭስ ይተፋል፣ ልጃገረዶቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ያለቅሳሉ። ጋሽ ተኳሽ አንድ ሰው ከኋላ ተጣብቆ ቀርቷል ብሎ ኖሮ፣ መንገዱን የዘጋውን የልብስ ጋሪ ስቦ ሊያወጣ በባዶ እጁ የጋለውን ብረት ይዞታል። ደቂቃ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ታች ጣለችው። የእሳት ማጥፊያውን ሲሊንደር አውርዳ ነፋችበት። ከኋላ የቀረ ሰው አልነበረም። የጋሽ ተኳሽ ሁለት መዳፎች ግን ቆዳቸው ከብረቱ ጋር ቀርቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ደቂቃ እንደ ምስክር የተጠራች መስሏት ነበር። ስትገባ ፏፏቴ ከኮሚቴው ፊት ተቀምጣለች፤ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊው ደብተር አለ።

«ወንፊት የማጽዳቱ ኃላፊነት የማን ነበር?» አለ ሰብሳቢው።

ፏፏቴ ደቂቃን ሳታያት ተናገረች። «የእሷ። ዘዴውን ያወጣችው ራሷ ናት። ይኸው የእጅ ጽሑፏ፣ ይኸው ደብተሯ። እኔ የተገበርኩት የእሷን ነው።»

ደቂቃ ስድስት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ስሟ ተጠራ። የተጠራው ግን እንዲህ ነው። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ደብተሩ የፏፏቴ ነበር፤ የሰው እጅ ሲቃጠል የደቂቃ ሆነ። መናገር ፈለገች፣ ምላሷ እንደልማዱ ተሳሰረ። «እሷ... እኔ...» ብላ ቀረች። ሰብሳቢው ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ወሰደው። ከሥራ ታግዳ ወጣች።

ቤቷ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሌሊት እንቅልፍ ቀን ምግብ አልሻም አለች እንጂ። ያቃጠላት መታገዷ አይደለም። «ሳሙና እንዳትደፊበት» ብላ ደብተሯን ያስያዘችው የጓደኛዋ እጅ ነው ያቃጠላት። ሚዜዋ፣ የወለደች ቀን በር ላይ ያደረችው፣ ያንን ደብተር ለዚያ ቀን ብላ አስቀምጣው እንደነበር ማሰብ አስፈራት። ምናልባት አላስቀመጠችውም፤ ምናልባት ጨንቋት ያገኘችውን ያዘች። የትኛው እንደሚብስ ግን መለየት አቃታት።

ያወጣት ጋሽ ተኳሽ ነው። ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በሩን በእግሩ ገፍቶ ኮሚቴው ፊት ገባ። «እጄ መፈረም አይችልም፣ አፌን መዝግቡት» አለ። የዝውውሩን ደብዳቤ፣ የሻይ ሰዓቱን፣ የተከለከለችበትን ወረቀት አንድ በአንድ ነገራቸው። ማጠፊያ ክፍል ያሉት ሴቶችም ተከትለው ገቡ። ፏፏቴ የፈረመችበት ማስጠንቀቂያ ከፋይሉ ወጣ። ደቂቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ኃላፊነቱም ተሰጣት። ፏፏቴ ወደ ማጠቢያው ወረደች።

ደቂቃ ንግግር አላደረገችም። ጠረጴዛውን ከኮሪደር ራሷ ጎትታ አስገባችው። ዕቅዱን ቀነሰች፤ ሥራ አስኪያጁ ሲያጉረመርም «እንግዲያው ሌላ ፈልግ» አለችው፣ ሳትንተባተብ። ጋሽ ተኳሽ ዳግመኛ ካውያ አልያዘም፤ የግራ እጁ ሦስት ጣቶች አይታጠፉም። በር ላይ ወንበር አስቀመጠችለት፣ ከማሽን የወጣውን ልብስ በቀኝ እጁ እየዳበሰ ያልጠራውን ይመልሳል።

አንድ እሁድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ፏፏቴ ናት። ከስታ፣ ጸጉሯን ሳትሠራ፣ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች።

«አልገባም» አለች፣ ሳትጋበዝ። «ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት። ፈርቼ ነው። እስር ቤት የምገባ መሰለኝ።»

ደቂቃ በሩን ይዛ ቆመች።

«አንድ ነገር ግን ንገሪኝ» አለች ፏፏቴ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ሁሉንም በቃሌ አጥንቼው ነበር። ከአንቺ በላይ ፈልጌው ነበር፣ እውነቴን ነው። ሌት ተቀን ሮጥኩ። ለምን እኔ እጅ ላይ እንዲህ ሆነ?»

«ያነበብሽው ለመሾም ነው፤ እኛ በየቀኑ የምንሠራው ነበር። ሥራ ሲያጣድፍሽ መጀመሪያ የጣልሽው የምንሠራውን ነው። መፈክሩን ያዝሽ።»

«እኔንስ? እኔን እንደ ድሮው ትመልሺኛለሽ?»

ደቂቃ ልትመልስላት ፈለገች። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትበቃው። ግን ፊቷን ባየች ቁጥር ያ አዳራሽ ይመጣባታል፣ የሚስቀው ሰው፣ «የእህቴን ልጅ» የሚለው ድምፅ። ለመርፌ ጠረጴዛ አበጅታለታለች፤ ለዚህ ምን እንደምታበጅለት አታውቅም።

«ነገ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ አለን» አለች። «እንዳታረፍጂ።»

ደብተሩን ተቀብላ በሩን ዘጋች። ከውስጥ ልጅቷ «ማን ነው፣ እማዬ?» ብላ ጮኸች።

«ከመሥሪያ ቤት ነው» አለች ደቂቃ፤ እጇን ከበሩ እጀታ ላይ ሳታነሳ ደረጃውን የሚወርደው ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ ቆመች።